በሩ የማይንኳኳበት ቤት

የዶክተር ይመርን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። የነገረኝ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ስልኩን እንዳነሳሁ፣ «ሰምተህ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ዕለቱን እደውልልህ ነበር» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የወዳጁን ሞት ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ወይ ጆሮው ስለከዳው ነው፣ ወይ ወዳጅነቱ መቀዝቀዙን ሌሎች ከእሱ ቀድመው ስላወቁ ነው። ጆሮዬ ደህና ነው።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። የተውኩትም በስንፍና አይደለም። ዶክተር ይመር የአንጎል ተመራማሪ ነበሩ፤ በተለይም አንጎል ፍርሃትን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝና ለምን አልለቅ እንደሚል ያጠኑ ነበር። አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግመው ከነገሩኝ ነገር አንዱ ትዝታ የማይታመን ምስክር መሆኑ ነው። «ትዝታህን ባነሳኸው ቁጥር እንደገና ትሠራዋለህ» ይሉኝ ነበር። «አሥር ጊዜ ያወራኸውን ነገር በአሥረኛው የምታስታውሰው ነገሩን ሳይሆን ዘጠነኛውን ወሬህን ነው።» እንዲህ ስላለ ሰው በትዝታ ብቻ ተመርኩዞ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያናድድ አንባቢ ይገምትልኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የማላውቀው ነገር አለ፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ የቆምኩት ምን ልላቸው ነበር? ጥያቄው አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር፤ እኔ ደግሞ ራሴን አላምነውም።

የተዋወቅነው በደርግ ዘመን፣ ከቀይ ሽብር ሰባት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ስምንትም ሊሆን ይችላል። እኔ የአኃዝ ሰው ነኝ፤ ሙያዬ ሌሎች የሰበሰቡትን መረጃ ቀምሬ ትርጉም አለው ወይስ የለውም ብዬ መፍረድ ነበር። የተመደብኩበት የምርምር ክፍል ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከባለቤቱ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ይገኝ ነበር። ሳሎኑ የኃላፊው ቢሮ ሆነ፤ መኝታ ቤቶቹን እኛ ተካፈልናቸው፤ ጋራዡ ለዶክተር ይመር ቤተ ሙከራ ተሰጠ። በሳንቃ መደርደሪያ ላይ፣ በየሽቦ ሳጥናቸው፣ ነጫጭ አይጦች ተደርድረው ይኖሩበታል። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የጋራዡ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ አይጦቹ ግን ቀና ብለውም አያዩ።

«ይህን የሚያህል ጩኸት አይፈሩም» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ለምን ይመስልሃል?»

«ለምደውት ይሆናላ።»

«መልመድ ብቻ አይደለም። ከጩኸቱ በኋላ የመጣባቸው ነገር የለም።»

የሚፈሩት ሌላ ድምፅ ነበር። ዶክተር ይመር ከጣሪያው አንድ ክንድ የሚሆን ብረት በሽቦ አንጠልጥለዋል። ብረቱን በመዶሻ አንዴ ይመቱና ወዲያው በሳጥኑ ወለል ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቃሉ። ከመልቀቃቸው በፊት ለአይጡ ዝቅ ባለ ድምፅ «አፉ በለኝ» ይሉት ነበር፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ይቅርታ መጠየቃቸው ነው። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አይጡ ንዝረቱን አይጠብቅም፤ ብረቱ ሲመታ ባለበት ድርቅ ይላል፤ ጢሙ እንኳ አይንቀሳቀስም። እሳቸውን የሚያሳስባቸው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነበር። ብረቱን ያለ ንዝረት ቀን በቀን እየመቱ አይጡ ፍርሃቱን እንዲተው ያደርጉታል። ይተዋልም። ደርቆ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ይሄድና፣ በመጨረሻ ብረቱ አናቱ ላይ እየጮኸ ጥሬውን ይቆረጥማል። ያንኑ አይጥ ወደ ሌላ ሳጥን ሲያዛውሩት ግን፣ ወይም ከወር በኋላ ሲመልሱት፣ ፍርሃቱ ካለበት ብቅ ይላል።

«አልረሳም ማለት ነው» ይላሉ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሸፍኖት ነው።»

የጊዜ መዝገቡን እየተቀበልኩ የምቀምረው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰሞን አኃዙ እምቢ አለኝ። ፍርሃታቸውን ጨርሰው የተዉ አይጦች ረቡዕና ቅዳሜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ፣ ወደ ፍርሃታቸው ይመለሳሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሌቴን ስፈትሽ ከረምኩ። በመጨረሻ አፍሬ ወረቀቱን ወሰድኩላቸው። ቀኖቹን አይተው ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ጌታነህ፣ የስብሰባ ቀን እኮ ነው!»

እውነታቸውን ነበር። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአጥራችን ማዶ ነው። ድምፅ ማጉያው በመበላሸቱ ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ ነዋሪውን ለስብሰባ የሚጠሩት እሱን እየመቱ ነበር። የእነሱ ብረትና የእኛ ብረት ድምፃቸው አንድ ነው። የወራት ሥራ በሳምንት ሁለቴ ይፈርሳል።

ዶክተር ይመር ቀበሌ ሄደው ሊያስረዱ ወሰኑ። እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም፤ እንዲያውም «አንተ ስሌቱን ታስረዳልኛለህ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። በክፍሉ ውስጥ አራት አምስት ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ይጠባበቃሉ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደወላችሁን በሌላ ነገር ብትለውጡልን ብለን ነው የመጣነው» አሉ ዶክተር ይመር።

«ደወሉ ምን ሆነ?»

«አይጦቼን ያስፈራብኛል።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አይጥ ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ አይጥ።»

«ጓድ ዶክተር፣ እኛ እኮ አይጥ ቢፈራልን ምኞታችን ነው! የሕብረት ሱቁን ዱቄት የጨረሱት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«የእኔዎቹ ዱቄታችሁን አልነኩም። የመንግሥት አይጦች ናቸው።»

«የመንግሥት ከሆኑ ታዲያ፣ ስብሰባ ሲጠራ ምን ያስፈራቸዋል?»

ሳቁ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ቀልዱን ነበር፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ቀልድ መሆን አለመሆኑን እሱም ያላወቀ መሰለኝ። ዶክተር ይመር እንደማንኛውም የሙያ ጥያቄ በጥሞና ሰምተው፣ «እሱን ነው የማጠናው» ብለው መለሱ።

ወደ ቢሯችን ስንመለስ «ለምን እንደዚያ አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን አልኩ? እውነቱን ነው» አሉኝ። ፍርሃትን ያን ያህል ያጠና ሰው መቼ መፍራት እንደሚገባው አለማወቁ እስካሁን ያናድደኛል። በዚያው ቀን ማታ ቤቴ የነበሩትን የስሌት ቅጂዎች በሙሉ ከሰል ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። አርዕስታቸው ላይ «ፍርሃት» የሚል ቃል ነበረባቸው። ባለቤቴ ምን እንደማቃጥል ስትጠይቀኝ «ረቂቅ ነው» አልኳት።

ደወሉ አልተለወጠም። ወር ሳይሞላ ግን ነገሩ በየሳምንቱ በምንሰበሰብበት የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ላይ ተነሣ። ይህ የፍርሃት ጥናት የማን ፍርሃት ነው? ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል? ዶክተር ይመር ግማሽ ሰዓት አስረዱ። ሲጨርሱ የክበቡ ሰብሳቢ አመሰግናለሁ ብሎ ማስታወሻውን አጠፈ። ከዚያ በኋላ የክበቡ አዳራሽ ስለጠበበ ጋራዡ ለስብሰባ እንዲለቀቅ የሚል ደብዳቤ መጣ። አይጦቹ ለሌላ ክፍል ተሰጡ፤ ብረቱ ወረደ። ዶክተር ይመር ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን ሰባት ደብተሮች በከረጢት ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቤታቸው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አላገቡም፤ የሚኖሩት ከእናታቸው ከእማማ ዘሃራና ከታናሽ እህታቸው ከከድጃ ጋር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱኝ ቅያሱ ላይ አቆሙኝና፣ «አንድ ሕግ አለን» አሉኝ። «በራችን አይንኳኳም። ውጭ ቆመህ ‹ቤቶች! ጌታነህ ነኝ!› በል። ካልሰማን ደግመህ ጥራ እንጂ ቆርቆሮውን እንዳትነካው።»

ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የታጠቁ ሰዎች በሩን ደብድበው ገቡ፤ ቤቱን ፈተሹ፤ ከመጨረሻው ልጅ ከሙሄ ፍራሽ ውስጥ ወረቀት አገኙ። ሙሄን ይዘውት ሄዱ፤ አልተመለሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እማማ ዘሃራ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሱ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ ሙሄ መወሰዱን። «ይሄ ልጅ ዛሬም ከትምህርት ቤት ቆየ» ይሉ ነበር እኔ በተቀመጥኩበት፣ ያለ ሥጋት፣ እንደማንኛዋም እናት። ጎረቤት «ጃጁ» ሲል ዶክተር ይመር ይቆጣሉ። ሲቆጡ ያየኋቸው በዚህ ብቻ ነው።

«ጃጀች አትበሉ! ያረጀ ሁሉ እንዲህ አይሆንም። ይህ አልዛይመር የሚባል በሽታ ነው። አንጎልን ከትዝታው በኩል ጀምሮ የሚበላ።»

«ስሙን ማወቅህ ምን ፈየደላት ጋሼ?» ትላለች ከድጃ። እሷ ነበረች የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው።

«እስካሁን ምንም።»

«እንግዲያው ስሙን ተወውና ትራሷን ቀና አድርግልኝ።»

እማማ ዘሃራ ያልረሱት አንድ ነገር ቢኖር በሩን ነው። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከተቀመጡበት እንደ ወጣት ተነሥተው፣ በቤቱ ውስጥ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ይሰበስባሉ፤ ጋዜጣም ይሁን የቀበሌ ካርድ። ዱቄት ውስጥ ይቀብሩታል፣ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። አንድ ጊዜ ዶክተር ይመር እኔ ባለሁበት ጠየቋቸው።

«ለምን ደበቅሽው፣ እማ?»

«እኔ እንጃ። ደብቂ አለኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

እማማ ዘሃራ መዳፋቸውን አዩ። «እጄ» አሉ።

ዶክተር ይመር ይህን በደብተራቸው ሲጽፉት አይቻለሁ። ደብተሩን በግራ ገጹ ለአይጦቹ፣ በቀኝ ገጹ ለእናታቸው ከፍለውት ነበር። «ልጇን ረስታለች» አሉኝ፤ «የተወሰደበትን ቀንም ረስታለች። የምትፈራውን አታውቀውም፤ ግን ትፈራለች። እንግዲህ ፍርሃቱ የተቀመጠው ትዝታው ከተቀመጠበት ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።» ቦታውንም ይጠረጥሩ ነበር፤ ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ፣ ባቄላ የምታክል የአንጎል ክፍል ናት። በሽታው የትዝታውን ክፍል ሲበላ ይህችን እስከ መቼ እንደሚተዋት ለማየት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው አገር ውስጥ የለም። ምሥራቅ አውሮፓ የሚገኙ የቀድሞ መምህራቸው ደብተሮቹን ይዘው ለስድስት ወር እንዲመጡ ጋበዟቸው።

«ሙሄን ልመልስላት አልችልም» አሉኝ። «ይህን ግን ላነሳላት እችል ይሆናል። ቢያንስ ሳትፈራ ትሙት።»

በዚያ ዘመን ወደ ውጭ ለመሄድ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ዋስ ያስፈልጋል። የሄደው ካልተመለሰ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ከሥራ በመባረር ላይቆም ይችላል። ባዶው ጋራዥ ውስጥ ቆመን ነበር የጠየቁኝ።

«ጌታነህ፣ ዋስ ትሆነኛለህ?»

«ላስብበት።»

«እመለሳለሁ እኮ። እናቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«ማወቅ ሌላ፣ መፈረም ሌላ ነው።»

ይህን ማለቴን አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከእኔ በቀር ከማንም አፍ አይወጣም። ትከሻዬን ቸብ አድርገው «አብሽር» አሉኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። ዘጠኝ ቀን አለፈ። በየጠዋቱ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላሉም። ቢጠይቁኝ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ክረምት ስለነበረ ጃንጥላ ይዣለሁ። ደጁ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፄ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልል እችላለሁ፤ ለብዙ ዓመታትም እንደዚያ ብያለሁ። ደግሜ ሞከርኩ፤ እንደገና እምቢ አለኝ። ዝናቡ መጣ። በጃንጥላዬ እጀታ ቆርቆሮውን መታሁት። ማንም አልከፈተም፤ ደግሜ መታሁት፤ አምስት ስድስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ሕጉን አውቀዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ያ ሕግ ከእነጭራሹ በአሳቤ አልመጣም።

ከድጃ ገበያ ሄዳለች። ዶክተር ይመር ጓዳ ገብተው በሶላት ላይ ነበሩ። ደብተሮቹን ለጉዞው ሊያሽጓቸው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸዋል።

በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ባዶ እግራቸውን፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ፊቴን አንዴ አይተው ወደ ውስጥ ሮጡ። ተከተልኳቸው። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እማማ ዘሃራ በጓሮው በር ገቡ፤ ነጠላቸው ርሷል፣ እጃቸው ባዶ ነው። ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ መመለሳቸው ነበር። ፊት ለፊቴ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቅ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ምንም የለም» አሉኝ። «ፈትሹ። ልጆቼ ምንም የላቸውም።»

ዶክተር ይመር ወደ ጓሮ ወጥተው አይተው ተመለሱ። የእናታቸውን እጅ ያዙ። «ደግ አደረግሽ፣ እማ» አሏቸው። ሳፋ አምጥተው እጃቸውን በሳሙና አጠቧቸው፤ ጣት በጣት፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጭ በል እንጂ። ረጥበሃል። ሻይ ላፍላ?»

ሻይ ጠጣሁ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛቸው ዘንድ ሄጄ «ስለ ዋስትናው…» ብዬ ጀመርኩ። «ምን ይዤ ልሂድ?» አሉኝ፤ በዚያው ተዘጋ። ትንሽ ቆይተው፣ «የስሌቱ ቅጂ አንተ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አሉ። «የለም» አልኩ። «ሁሉንም መልሼልዎታለሁ።» ይህ ውሸት ነው። የመለስኩት ምንም አልነበረም፤ አመድ አይመለስም። አንጎላቸውን በሽታ የበላው እማማ ዘሃራና ጤነኛው እኔ በየቤታችን አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተናል። ልዩነቱ እሳቸው አለማወቃቸው ነው።

ዶክተር ይመር ጥናቱን ከራሳቸው አውጥተው እንደገና ሊጽፉት ሞክረው ነበር። አንድ ደብተር ያህል ከጻፉ በኋላ አቆሙ። «ይህ መረጃ አይደለም» አሉኝ፤ «ይህ የይመር ወሬ ነው።» እማማ ዘሃራ በሚቀጥለው ዓመት በበጋ አረፉ። ከድጃ እንደነገረችኝ፣ ሲገንዟቸው የሐኪም ማዘዣ ወረቀት ተጨማዶ መዳፋቸው ውስጥ ተገኘ።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልመለስ። የሄድኩት «እፈርማለሁ» ልላቸው እንደነበረ በጣም በግልጽ አስታውሳለሁ። ቃላቱን አስታውሳለሁ፤ መንገድ ላይ ሳጠናቸው የነበረበትን ድምፅ እንኳ አስታውሳለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ግልጽነት ነው። የአኃዝ ሰው ነኝ፤ ከሁሉም አቅጣጫ የጠራ መረጃ ሲያጋጥመኝ አንድ ሰው አስተካክሎታል ብዬ መጠርጠር ልማዴ ነው። ባለቤቴን ጠይቄያታለሁ፤ «እኔ እንጃ፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረህም» ከማለት በቀር አታውቅም። ስለዚህ ትዝታዬን ወዲያ ትቼ በምክንያት ብቻ ልሂድበት ወሰንኩ። ለዋስትና የሚፈረመው ቢሮ ነው፤ እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ልፈርም የወሰንኩ ብሆን ሰኞ ጠዋት መታወቂያዬን ይዤ መገኘት ብቻ ይበቃኝ ነበር። በዝናብ፣ በእሑድ፣ ሰው ቤት ድረስ የሚኬደው እምቢታን በጨዋ ደንብ ለማድረስ ነው። ደስ የሚል ወሬ የያዘ ሰውም ደጅ ቆሞ ድምፁ አይጠፋበትም።

ለለቅሶ የሄድኩት አያት ሰፈር ነው፤ ሃያ ሁለት የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ከድጃና ወንድሟ ወደዚያ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ከድጃ እሷም አርጅታለች። እንዳየችኝ ብድግ አለች፤ ይዛኝ ገብታ ለተቀመጡት ሁሉ፣ «ጋሽ ጌታነህ ናቸው» አለች። «ያኔ ለጋሼ ዋስ ሊሆኑለት በዝናብ የመጡት!» ሰዎቹ በግማሽ ተነሥተው ተቀበሉኝ። አንድ ሽማግሌ «አላህ ይስጥዎ፤ በዚያ ዘመን ማን ለማን ይፈርም ነበር!» አሉኝ። የቀረበልኝን ሻይ ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ምስጋናቸውን እያዳመጥኩ ዝም ማለቴ ካልፈረምኩት ፊርማ የባሰ ነበር።

ሰዉ እስኪሳሳ ጠበቅሁ። ከዚያ ከድጃን ጠጋ አልኳትና፣ «ከድጃ፣ ያን ቀን የመጣሁት እኮ አልፈርምም ልል ይመስለኛል» አልኳት።

«ይመስለኛል ይላሉ?»

«ነው። አልፈርምም ልል ነው።»

አልደነገጠችም። ብርጭቆዬን ከእጄ ተቀብላ ሻይ ቀዳችልኝ።

«ጋሼ ያውቅ ነበር።»

«ነግሬያቸው አላውቅም!»

«በሩን ሲከፍት ፊትዎን አይቶ አወቀ። ‹ሊፈርምልኝ ነው የመጣው በሉ› ያለን እሱ ነው፤ ለጎረቤቱም ለዘመዱም። እማን እንኳ ሳይቀር ያስጠናት ነበር፤ ትረሳዋለች፣ ይስቃል፣ እንደገና ያስጠናታል።»

«ለምን?»

«እንዳያፍሩ ነዋ! ‹ጌታነህ ካፈረ ይቀርብኛል› አለ። ስለዚያ ሥራው የሚያወራው ሌላ ማን ነበረው፣ ጋሽ ጌታነህ?»

ከድጃ ይህን ያለችኝ ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ሌላ እንግዳ ሲገባ ልትቀበል ተነሥታ ሄደች። ሻዬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ ቤታቸው የሄድኩት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በወር፣ ቀጥሎ ለበዓል ብቻ፤ ከዚያ ተውኩት። እሳቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ከጻፍኩት ሁሉ የማልጠራጠረው፣ ከድጃም ብትጠየቅ ቃል በቃል የምትመሰክረው፣ መቅረቴን ነው።